ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ ግን...

አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ "ዳኛ ሆነ" ብሎ አስወርቶልኛል። ጥፋቱ የኔ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ምርጫ ጣቢያ ላይ የሚሠራ ሰው "የምርጫ ዳኛ" ይባላል፣ እኔም እንዳለ ተርጉሜ በስልክ ነገርኩት። ካባ የለ፣ ችሎት የለ። ሥራው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ ተነስቶ የአንድ ትምህርት ቤት ስፖርት አዳራሽ መግባት፣ ጠረጴዛ መዘርጋት፣ ምልክት መለጠፍ፣ ስም መፈለግ፣ "በዚህ በኩል ይለፉ" ማለት ነው። ማታ እግርህ አብጦ ትወጣለህ። ክፍያውን የሰሙ ኡበር የሚነዱ ጓደኞቼ ስቀውብኛል።

ግን በየምርጫው የሚመልሰኝ አንድ ነገር አለ። ጣቢያው ሊከፈት ሲል ድምፅ የሚቆጥረው ማሽን እንደ ሱፐርማርኬት ደረሰኝ ያለ ረጅም ወረቀት ይተፋል። ከእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ስም ጎን 0 ይላል። ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረውም 0፣ ለትምህርት ቦርድ የሚወዳደረው ማንም የማያውቀው ሰውዬም 0። ወረቀቱ ላይ የጣቢያው ሁለት አለቆች ይፈርማሉ፤ ሁለቱ ከአንድ ፓርቲ እንዳይሆኑ ሕጉ ያስገድዳል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ወረቀቱን እያየሁ ደንዝዤ ቆምኩ። የዓለም ኃያል የሚባለው ሰው በዚያች ደቂቃ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ዜሮ ነው። እኔ ደግሞ "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

አንድ ጊዜ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ኮሌጅ ከምትማር የልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል ሰው የፈለገውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል፤ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው ካልሆነ በቀር ማንንም። ልጅቷ አነበበችላቸው፣ እሳቸው ጠቆሙ፣ ወረቀቱን ራሳቸው ማሽኑ ውስጥ ከተቱ። ጨረሱ ብዬ "በርቱ እማማ" ስላቸው ወደኔ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ማንን እንደመረጥኩ ያውቃሉ?"

"አያውቁም እማማ።"

"አንተስ?"

"እኔም አላውቅም።"

"ስሜን ግን መዝግባችኋል።"

"መምጣትዎን ነው የመዘገብነው እንጂ..."

ዝም ብለው አዩኝ። ቀበሌን የሚያውቅ ዓይን ነው። "እሺ ይሁን" አሉ፣ ለልጅ ውሸት የሚሰጥ ዓይነት እሺ፣ ከዚያ የልጅቷን ክንድ ይዘው ሄዱ።

ያ ረዳት ይዞ የመግባት መብት የተጻፈው የ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ውስጥ ነው፤ በ1982 ነው የተጨመረው። (የፈረንጅ ቀን ስጠቅስ ወሩንም በፈረንጅኛ እጠራለሁ፣ እንዳንደናገር። የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) እኛ ሐበሾች ይሄን ሕግ የጥቁር አሜሪካውያን ጉዳይ አድርገን ነው የምናየው። "የነሱ ታሪክ ነው" እንላለን። እኔም እል ነበር። አላባማ ያለችው ሰልማ ከተማ ድልድይ ላይ ማርች 7፣ 1965 ሰልፈኞችን ፖሊስ በዱላ ሲቀጠቅጥ፣ ከሰልፉ መሪዎች አንዱ ጆን ሉዊስ ጭንቅላቱን ሲመታ የሚያሳየውን ፊልም በየዓመቱ በቲቪ እናያለን፣ ከንፈር እንመጣለን፣ ቻናል እንቀይራለን። ነገር ግን ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የምርጫ መብቱን ሕግ የፈረመው ኦገስት 6፣ 1965 ነው፤ በሀገር የሚለየውን የቆየ የኢሚግሬሽን ኮታ ያስቀረውን ሕግ ደግሞ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 3 ፈረመ። አንዱ ሕግ በሩን ከፈተልን፣ ሌላው ከገባን በኋላ ሳጥኑ ጋ እንድንደርስ አደረገን። ባንድ ብዕር ማለት ይቻላል። በዲቪ የመጣሁ ሰው ነኝና ይሄን ሳውቅ አፈርኩ።

ከዚያ በፊት ምን እንደነበር ሳነብ ደግሞ በጣም የገረመኝ ጭካኔው አልነበረም። ብልጠቱ ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ለመመዝገብ የመጣን ጥቁር ሰው ጸሐፊው ከግዛቱ ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ ያወጣና "ይሄን አብራራ" ይለዋል። ማብራሪያው በቂ ነው፣ አይደለም የሚለው ራሱ ጸሐፊው ነው። አለቀ። ከልካይ የሚባል ሕግ የለም፣ ፈተና ብቻ ነው ያለው። የተማረ ሰው ወድቆ ማንበብ የማይችል ነጭ ያልፋል። "መምረጥ ትችላለህ፣ ወረቀትህ ግን አልተሟላም።" መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ኢትዮጵያዊ ይሄን ዓረፍተ ነገር በደንብ ያውቀዋል። ነገ ና።

ለዚህ ነበር የ1965ቱ ሕግ ታሪካቸው የጎደፈ ግዛቶች የምርጫ ደንባቸውን ከመቀየራቸው በፊት ዋሽንግተንን እንዲያስፈቅዱ ያደረገው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 25፣ 2013 በ5 ለ4 ድምፅ የትኞቹ ግዛቶች እንደሆኑ የሚለየውን ቀመር ሻረው፤ ዘመኑ ተቀይሯል ብሎ። ፈቃድ መጠየቁም አብሮ ቀረ። ዳኛ ሩት ጊንስበርግ በልዩነት ሐሳባቸው ላይ ይሄ ዝናብ እየጣለ "አልረጠብኩም" ብሎ ጃንጥላውን እንደ መጣል ነው አሉ። ቴክሳስ በዚያው ቀን ታግዶ የነበረውን ጥብቅ የመታወቂያ ሕጉን ሥራ ላይ አውላለሁ አለ። አንድ ቀን እንኳን አላደረም።

ይሄ ነገር እኛ ቤት እንዴት እንደሚገባ ልንገራችሁ። በስማችን በኩል ነው። አንድ አዛውንት እኔ ጠረጴዛ ጋ መጡ፣ ስማቸውን ነገሩኝ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የለም። እንደገና ፈለግኩ፣ የለም። ሰውየው ፊታቸው ሲገረጣ አየሁ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ወልደ ማርያም ነው ስማቸው፣ መዝገቡ ላይ "ወልደ" መጠሪያ ሆኖ "ማርያም" የአያት ቦታ ገብቷል፣ አባትየው መሀል ላይ ጠፍተዋል። ሐበሻ ባልሆን አላገኘውም ነበር። ባይገኝም እንኳ ፕሮቪዥናል የሚሉት ወረቀት ይሰጣቸውና በኋላ ተጣርቶ ይቆጠር ነበር። ግን ብዙ ሰው ያን ጊዜ ዞሮ ይሄዳል፣ ሀፍረት አለ፣ ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ሥራ አለ። አሁን ይሄንኑ ችግር ጆርጂያ ላይ አስቡት፣ ያውም አትላንታና ክላርክስተን ያን ሁሉ ሐበሻ ይዘው። በ2018 የስም ፊደል ከሌላ መዝገብ ጋር አንድ ለአንድ ካልገጠመ ምዝገባው እንዲንጠለጠል የሚያደርግ ደንብ ነበራቸው። አንዲት ሰረዝ ብትጎድል ተንጠለጠልክ። 53,000 ያህል ሰው ተንጠልጥሎ ነበር፣ ወደ 70 በመቶው ጥቁር። መታወቂያ ይዘው ቢመጡ መምረጥ ይችሉ ነበር፣ እውነት ነው፣ ግን ደብዳቤው የደረሰው ሰው ያን ሁሉ ይረዳል? ምርጫውን የሚያስተዳድረው ቢሮ አለቃ ብራያን ኬምፕ ደግሞ በዚያው ምርጫ ለገዢነት ይወዳደር ነበር። ተጫዋቹም ዳኛውም አንድ ሰው። በ55,000 ገደማ ድምፅ አሸነፈ። ኬምፕን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከኛ ሰፈር ኢስተርን አቬኑን ከተሻገርክ ዲሲ ነህ። እዚያ የምርጫ መረጃ በአማርኛ ታገኛለህ፤ የከተማዋ የ2004 የቋንቋ ሕግ አማርኛን አቅፎታል። በፌዴራሉ ሕግ ያለው የቋንቋ ግዴታ ግን ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ እስያውያንን፣ የአሜሪካንና የአላስካን ነባር ሕዝቦች ነው የሚቆጥረው፣ የአፍሪካ ቋንቋ የለበትም። ታዲያ ዲሲ ያለው ጓደኛዬ በአማርኛ አንብቦ ይመርጣል፣ ነገር ግን ሴናተር የለውም፣ ምክር ቤት ያለችው ተወካዩም ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አትሰጥም። እኔ መንገዱን ተሻግሬ ሁለት ሴናተር አለኝ፣ በእንግሊዝኛ። የታክሲው ታርጋ ላይ "ያለ ውክልና ግብር" የሚለውን ምሬት ለጥፎ ይዞራል። ፕሬዚዳንት የሚመርጡትም ከ1964 ጀምሮ ብቻ ነው። ዋይት ሀውስ በራፋቸው ላይ ነው እኮ።

እሺ፣ ወደ ንጉሡ።

"ንጉሥ አይከሰስ" የሚለው ሕዝብ ያው ራሱ "በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል" ይላል። ሁለቱ አንድ አፍ ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ እስከ ቅርብ ጊዜ አስቤው አላውቅም። ድሮ መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች ያገኙትን አላፊ አግዳሚ "ዳኝነት ተቀመጥልን" ይሉት ነበር፤ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ዳኛ ፍለጋ የሚሄዱም ነበሩ። ወታደር የለም፣ እስር ቤት የለም፣ የሚያስረው ቃሉ ነው። ገበሬው ለገበሬው ቆመ። ጥያቄው ጌታው ይቆማል ወይ ነው።

1952 ላይ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ቆመ። የኮሪያ ጦርነት ነው፣ የቃኘው ሻለቃ ልጆቻችን ሳይቀሩ እዚያ ናቸው፣ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ሊያድሙ ነው፣ ብረት ከሌለ ጥይት የለም። ትሩማን በኤፕሪል አንድ ትእዛዝ ፈርሞ ፋብሪካዎቹን ወረሰ። እኛ "ወረሰ" ሲባል የምናውቀው ሌላ ነገር ነው፣ ከተወረሰ ተወረሰ ነው። እዚህ ግን ባለፋብሪካዎቹ ከሰሱ። ዘጠኙም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ከሱ በፊት በነበረው በሩዝቬልትና በራሱ በትሩማን የተሾሙ ናቸው። ጁን 2 ላይ 6 ለ3 አይቻልም አሉት፤ ይሄ ሥልጣን የኮንግረስ ነው፣ ጦርነት አለ ብለህ አገር ውስጥ ያለ ፋብሪካ አትነጥቅም። ትሩማን ተናደደ። መለሰላቸው። የሥራ ማቆም አድማው ሆነ፣ አገሩ አልፈረሰም።

ሁለተኛው ታሪክ ከኛው ጋር የተቆላለፈ ነው፤ እንዲህ ጎን ለጎን አስቀምጬ እስካየው ድረስ እኔም አላስተዋልኩትም። ሜይ 1973 ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን መጥተው ከሪቻርድ ኒክሰን ጋር ተገናኙ። ሁለቱም ወንበራቸው ከሥሩ እየተበላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጁላይ 24 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ0 በሆነ ድምፅ ኒክሰንን "ስለ ዋተርጌት ቅሌት ቢሮህ ውስጥ የቀዳኸውን ካሴት አምጣ" አለው፤ ከስምንቱ ሦስቱ እሱ የሾማቸው ናቸው። ሰጠ። ካሴቱ ጉድ አወጣው፣ ኦገስት 9 ለቆ በሄሊኮፕተር ሄደ። ሴፕቴምበር 8 የተካው ፕሬዚዳንት ፎርድ ምሕረት አደረገለት። ከአራት ቀን በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ መኮንኖች ለጃንሆይ የመውረጃቸውን ወረቀት አነበቡና በቮልስዋገን ወሰዷቸው።

አራት ቀን ነው ልዩነቱ።

የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ ነው፣ ሥልጣናቸው አይነካም ይል ነበር። ተረቱ በሕግ ተጽፎ ማለት ነው። ማንም ሊከሳቸው አይችልም ነበር፣ እና ማንም አልከሰሳቸውም። ወታደር ነው የወሰዳቸው። ክስ ቢኖር እኮ ጠበቃ ይኖራል፣ ቀጠሮ ይኖራል፣ ይግባኝ ይኖራል፣ "ጥፋተኛ አይደለሁም" ማለት ይኖራል። እሳቸው ይሄን የሚሉበት ቦታ አልነበራቸውም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚሆኑ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ንጉሡ በሚቀጥለው ነሐሴ እስር ላይ እያሉ ሞቱ፣ አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ እዚያው ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። ለመከሰስ ቦታ ያልነበረው አገር ለመከላከልም ቦታ አልነበረውም። ኒክሰን ግን ምሕረት አስፈልጎታል። ምሕረት የሚያስፈልገው ሊከሰስ ለሚችል ሰው ነው፣ አይደል? ሰውየው ቤቱ ገብቶ፣ መጽሐፍ ጽፎ፣ በ1977 ለቴሌቪዥን "ፕሬዚዳንቱ ካደረገው ሕገ ወጥ አይደለም ማለት ነው" እስከማለት ደርሶ፣ አርጅቶ ሞተ። የቱ ይሻላል ብትሉኝ ለንጉሡም ጭምር መከሰሱ ይሻለው ነበር።

ስለዚህ ጁላይ 1፣ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 የወሰነውን ሳነብ በአማርኛ ነው ጆሮዬ ላይ የጮኸው። ፕሬዚዳንት ሕገ መንግሥቱ ለሱ ብቻ የሰጠውን ሥልጣን ሲጠቀም ከወረደ በኋላም በወንጀል አይከሰስም፣ በሌላው የሥራ ተግባሩም አይከሰስም ከሚል ግምት ነው የሚነሳው፣ በግል ሥራው ግን ይከሰሳል። ዳኛ ሶኒያ ሶቶማዮር በተቃውሞ ጽሑፋቸው ፕሬዚዳንቱ አሁን ከሕግ በላይ የሆነ ንጉሥ ነው አሉ። ንጉሥ! ቃሉን እኔ አላመጣሁትም።

የብዙኃኑን ዳኞች ሐሳብ ግን አላጣጥለውም። የሚሉት ነገር አለ፤ ከወረድኩ ያስሩኛል ብሎ የሚፈራ መሪ አይወስንም፣ እያንዳንዱ አዲስ መሪም ያለፈውን ሲያስር ይኖራል። ይሄን ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሐራሬ ተቀምጦ በሌለበት ነው የተፈረደበት። ባለሥልጣን ሲወርድ ወይ ስደት ወይ ቃሊቲ የሆነበት አገር ልጅ ነኝ። ግን መድኃኒቱ ፍርድ ቤቱን ማጠንከር ነው ወይስ ሰውየውን ከፍርድ ቤቱ ማውጣት? እኛ ሁለተኛውን ሞክረነዋል።

እዚህ ላይ ስለራሴ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልናገር። በ2022 ባይደን የተማሪ ብድር እሰርዛለሁ ሲል ከሚሰረዝላቸው አንዱ እኔ ነበርኩ። 10,000 ዶላር። ሚስቴን ደውዬ እልል አስብያታለሁ። ጁን 30፣ 2023 ያው ፍርድ ቤት፣ ያው 6 ለ3፣ ይሄን ያህል ገንዘብ ኮንግረስ ሳይፈቅድ መሰረዝ አትችልም አለ። ቀኑን ሙሉ ዳኞቹን ስሰድብ ዋልኩ። ማታ ነው ቀስ ብሎ የመጣብኝ፤ የትሩማንን ታሪክ ለሰው ሳወራ "አያችሁ ሕግ ማለት ይሄ ነው" የምለው ሰው፣ ኪሴ ሲነካ ንጉሥ ፈለግኩ። ደግ ንጉሥ። ደብተሬን የሚሰርዝልኝ። ሕጉን ቢጥስም የኔ ስለሆነ ምን አለበት። አሁንም ብድሩን ስከፍል ቅር ይለኛል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግን በፕሬዚዳንት ትእዛዝ የመጣ ነገር በትእዛዝ እንደሚሄድ ገብቶኛል።

እንዲያውም መጣ። ማርች 25፣ 2025 ትራምፕ በፊርማው ብቻ፣ ለምርጫ የሚመዘገብ ሰው በፌዴራሉ ቅጽ ሲመዘገብ ዜግነቱን የሚያረጋግጥ ሰነድ እንዲያቀርብ አዘዘ። ዜጋ ያልሆነ በፌዴራል ምርጫ መምረጥ እንደሌለበት ሁላችንም እንስማማለን፣ ድሮም ወንጀል ነው። ግን ሐበሻ ሰፈር ያለውን ወረቀት እናውቃለን እኮ። አንዱ ላይ የአያት ስም አለ፣ አንዱ ላይ የለም፣ የልደት ቀን በኛ አቆጣጠር ተጽፎ በፈረንጅ ተተርጉሞ ተዛብቷል፣ ፓስፖርት ብዙ ሰው አላወጣም ምክንያቱም ውድ ነው። (አንድ የተረፍንበት ነገር ቢኖር ሴቶቻችን ሲያገቡ ስም አለመቀየራቸው ነው።) ዋሽንግተን ያለች የፌዴራል ዳኛ በኤፕሪል አገደችው፣ በኦክቶበር ደግሞ በቋሚነት። ምክንያቷ አጭር ነው፤ ሕገ መንግሥቱ የምርጫን ደንብ የሰጠው ለግዛቶችና ለኮንግረስ ነው፣ ፕሬዚዳንቱ እዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም። በብድሩ ጊዜ ያናደደኝ ክርክር ራሱ ነው። በዚህኛው ደስ አለኝ። ይታዘበኝ የፈለገ።

ስለ አገሬ ሳልጽፍ ላልፍ ነበር፣ አልሆነልኝም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ጎህ ሳይቀድ ወጥተን እስከ ቀትር ቆምን፣ ማንም አላማረረም፣ ዳቦ የሚያካፍል ነበር፣ ከፊቴ የነበሩ ሽማግሌ ካርዳቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ነበር የያዙት። ያን ዕለት ማታ፣ ቆጠራው ገና ሳያልቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ በአዲስ አበባ ለአንድ ወር ሰልፍ መከልከሉንና የከተማዋ የፀጥታ ኃይሎች በሳቸው እዝ ሥር መሆናቸውን ተናገሩ። አባቴ ሬዲዮውን ዘጋና "ተበላ" አለ። አንድ ቃል። ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ምክር ቤቱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ቆጥሮ ደረሰበት፣ ቁጥሩ ለሕዝብ የወጣው ግን ከኮሚሽኑ መሪዎች ከአገር በተሰደዱት በኩል ነው።

ሁሌ የምመለስበት ታሪክ ግን ከዚያ ጥቂት ዓመት ይቀድማል። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃን በዋስ ይለቀቅ ብላ አዘዘች። ሰውየው ከፍርድ ቤቱ ገና መውጣቱ ነበር፣ ፖሊስ ያዘውና መልሶ ወሰደው። በሕግ አምላክ ተባለ፣ ውሃው አልቆመም። ስዬን መውደድ አለመውደድ አይደለም ነገሩ፣ ብዙ ሰው ያኔ "ይበለው" ብሏል። እኔም ብያለሁ። ብርቱካን በኋላ ፖለቲካ ገባች፣ ታሰረች፣ ተፈታች፣ እንደገና ታሰረች፣ ተሰደደች፣ በመጨረሻ በ2011 ዓ.ም. ተመልሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። ትሩማንን ያቆመው ወረቀትና እሷ የፈረመችው ወረቀት በዓይነት አይለያዩም። የሚለየው ወረቀቱን ያነበበው ሰው ምን እንዳደረገ ነው።

ለዚህ ነው ኬምፕን ያዙልኝ ያልኳችሁ። በ2020 ትራምፕ ጆርጂያን በ11,779 ድምፅ ተሸነፈ። 5 ሚሊዮን ገደማ ወረቀት በእጅ ተቆጠረ፣ ውጤቱ አልተገለበጠም። ጃንዋሪ 2፣ 2021 ትራምፕ ለምርጫ ኃላፊው ብራድ ራፈንስፐርገር ደውሎ 11,780 ድምፅ ማግኘት ነው የምፈልገው አለው። አንድ ይበልጣል። ስልኩ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ራፈንስፐርገር የራሱ ፓርቲ ሰው ነው፣ የመረጠውም እሱን ነው፣ "ቁጥርዎ ስህተት ነው" አለው። ኬምፕም፣ ያ በ2018 ያማሁት ሰውዬ፣ ውጤቱን አጽድቋል። ሰው አንድ ቀለም አይደለም መቼም።

ከሁሉም ግን ልቤን የነኩት አትላንታ ድምፅ መቁጠሪያ አዳራሽ ውስጥ ወረቀት ሲቆጥሩ ያመሹት እናትና ልጅ፣ ሩቢ ፍሪማንና ሼይ ሞስ ናቸው። እንደኔ ናቸው፣ ተራ ሠራተኞች። እናት ለልጇ የሆነች ነገር በእጇ ስታቀብል ካሜራ አየ፣ የትራምፕ ጠበቃ ጁሊያኒ ድምፅ የሚሰርቅ ዩኤስቢ ነው ብሎ አገር ለአገር አወራው። ሼይ ኮንግረስ ፊት ቀርባ ምን እንደነበረ ተጠየቀች። የዝንጅብል ከረሜላ። እናቲቱ ቤቷን ጥላ መደበቅ ነበረባት። በዲሴምበር 2023 ጁሪው ጁሊያኒ ለሁለቱ 148 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት። እኔም ሌሊት ላይ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ኪሴ ውስጥ ከረሜላ እይዛለሁ። አሁን ለጎረቤቴ ሳቀብል ዞር ብዬ አያለሁ።

ባለፈው ምርጫ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተዘጋ፣ ሰልፍ ላይ የነበሩት ገብተው መረጡ፣ ማሽኑ ረጅሙን ወረቀት አወጣ፣ ዜሮዎቹ ቁጥር ሆነዋል። ከዚያ የመጣውን ሰው ቁጥር ከገባው ወረቀት ጋር ማስታረቅ አለ። አንድ ጎደለ። አንድ! ሁሉም ደክሞታል፣ ሪፐብሊካኑ አለቃ ጡረተኛ መካኒክ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ዴሞክራቷ ቤት ሕፃን ትታ ነው የመጣችው። "በቃ ይቅር" ያለ የለም። ፖስታ ፈታን፣ ዝርዝር አነበብን፣ ከጠረጴዛ ሥር በእጅ ባትሪ ፈለግን። ከ40 ደቂቃ በኋላ የተበላሹ ወረቀቶች ፖስታ ውስጥ ተገኘ፤ አንድ ሰው አበላሽቶ፣ ሌላ ሳይወስድ ተናድዶ ሄዷል። መካኒኩ ጻፈው፣ ሁለቱ ፈረሙበት።

መኪናዬ ውስጥ ስገባ አጎቴ ደወለ። እዚያ ነግቷል።

"እህ፣ ማን አሸነፈ?"

"አልታወቀም ጋሼ።"

"እንዴት አልታወቀም? አንተ አይደለህ እንዴ የቆጠርከው?"

"እኔ የኛን ጣቢያ ብቻ ነው የማውቀው።"

"ከላይ ያሉትስ?"

"እነሱም ከየጣቢያው እስኪደርሳቸው ነው የሚጠብቁት።"

"ፕሬዚዳንቱ ራሱ አያውቅም?"

"አያውቅም።"

ዝም አለ። ከበስተጀርባው ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

"ባለቤት የሌለው ቤት ነው በለኛ" አለኝና ሳቀ።